ከሥራ ከወጡ በኋላም የማይለቅ ፊርማ

በአሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚቀርብለት የወረቀት ክምር ወፍራም ነው። የግብር ቅጽ አለ፣ ደመወዝ በየትኛው ባንክ እንደሚገባ የሚሞላበት አለ፣ የኢንሹራንስ ምርጫ አለ፣ የሠራተኞች መመሪያ ደርሶኛል ብሎ የሚፈርምበት አለ። ወደ መጨረሻው ገደማ ደግሞ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ በዚህን ያህል ርቀት ውስጥ ለተወዳዳሪ ድርጅት ላይሠራ፣ የራሱንም ተመሳሳይ ድርጅት ላይከፍት ቃል የሚገባበት ገጽ ይኖራል። ያለመወዳደር ውል የሚባለው ይህ ነው። ሰው ሥራውን ስለሚፈልገው ይፈርማል። የፈረመው ነገር ትዝ የሚለው ግን ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ነው።

አሠሪዎች ለዚህ ውል የሚያቀርቡት ምክንያት ባዶ አይደለም። ለሠራተኛው ሥልጠና ከፍለናል፣ ደንበኞቻችንን አስተዋውቀነዋል፣ የዋጋ አወጣጣችንንና የአሠራር ምስጢራችንን አሳይተነዋል፤ ነገ መንገድ ተሻግሮ ለተቀናቃኛችን ቢያስረክበውስ ይላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የሰው ልጅ ሙያ የራሱ ነው፣ ሥራ ለመለወጥ የማይችል ሠራተኛም ደመወዝ ለማስጨመር አቅም የለውም ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ሞቅ ብሎ የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም እዚያው ይፈርሙታል። እኔ የክርክሩን ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር የማየው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ውል ሠራተኛውን የሚይዘው ፍርድ ቤት ስለሚያጸናው ሳይሆን ፈራሚው ስለሚፈራ ነው። ይህ ካልታየ የትኛውም ሕግ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ቀድሞ የሚጠቀሰው መዝገብ የ1414ቱ ነው። ጆን ዳየር የተባለ ጨርቅ አቅላሚ በአንድ ከተማ ውስጥ ለግማሽ ዓመት በሙያው እንዳይሠራ ግዴታ ገብቶ ነበርና ግዴታውን አፍርሷል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኛው ሃል ግዴታውን ውድቅ ከማድረግ አልፎ፣ ከሳሹ ችሎት ፊት ቢገኝ ኖሮ ለንጉሡ መቀጫ እስኪከፍል እስር ቤት እንደሚያስገባው በፈረንሳይኛ እየማለ ተናገረ። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ታላቁ ወረርሽኝ የአገሪቱን ሕዝብ በእጅጉ ከቀነሰ ወዲህ የሠራተኛ እጥረት ስለነበረ የ1351ዱ ሕግ ሰውን ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ያስገድድ ነበር፤ ባለሙያን ሥራ የሚያስፈታ ውል ደግሞ የአገርን ዳቦ የሚቀንስ ሆኖ ታየ።

ይህ ቁጣ በ1711 በረደ። በለንደን አንድ ዳቦ ጋጋሪ የዳቦ ቤቱን ለሌላ ሰው አስተላልፎ በዚያው ሰበካ ለ5 ዓመት ላይጋግር ተስማምቶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ክልከላው በጊዜና በቦታ የተወሰነና ተመጣጣኝ ከሆነ ይጸናል አለ። ዛሬም ድረስ በእንግሊዝና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የተመጣጣኝነት መለኪያ የመነጨው ከዚህ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ጋጋሪው ተቀጣሪ አለመሆኑ ነው። ዳቦ ቤቱን አስተላልፎ ዋጋውን የተቀበለ ሰው ነበር። ንግዱን ከነስሙና ከነደንበኛው የሸጠ ሰው በማግስቱ ከጎን ሌላ ቢከፍት ገዥው ምን ገዛ ይባላል? ይህን ለመከልከል የበቃው ምክንያት፣ ከጉልበቱና ከጊዜው ሌላ የሸጠው ነገር ወደሌለው ደመወዝተኛ ሲሻገር ብዙ ነገር ተዛብቷል ብዬ አምናለሁ።

መለኪያው ተመጣጣኝነት ነው ቢባልም ወረቀቱ የት ድረስ እንደሄደ ለማየት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ጂሚ ጆንስ የተባለው የሳንድዊች ቤቶች ሰንሰለት ዳቦ የሚቆርጡና ሥጋ የሚደረድሩ ሠራተኞቹን ሳይቀር ውል ያስፈርም እንደነበር በ2014 ይፋ ሆነ። የለቀቀ ሠራተኛ ለ2 ዓመት፣ ከማናቸውም የድርጅቱ ቅርንጫፍ በ3 ማይል ርቀት ውስጥ፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከሳንድዊች በሚያገኝ ቤት ሊቀጠር አይችልም ነበር። ሳንድዊች መሥራት ምን ምስጢር አለው? ምናሌው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አሠራሩንም ተሰልፎ የሚጠብቅ ደንበኛ ሁሉ በመስታወቱ በኩል ያየዋል። ድርጅቱ በ2016 ከኒውዮርክና ከኢሊኖይ ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቶ አሠራሩን ያቆመ ሲሆን፣ ለኢሊኖይ 100,000 ዶላር ከፍሏል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የወገኖቻችንም ኑሮ በቅርብ ይነካል፤ በዋሽንግተን አካባቢ በጥበቃ ሥራ የተሰማራ አበሻ ብዙ ነውና። በሚሺጋን ፕሩደንሻል ሴኪዩሪቲ የሚባል የጥበቃ ድርጅት ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም የማይርቅ ክፍያ የሚያገኙ ጠባቂዎቹን ያስፈረማቸው ውል፣ ከለቀቁ በኋላ ለ2 ዓመት በ100 ማይል ክልል ውስጥ ለሌላ የጥበቃ ድርጅት እንዳይሠሩ የሚከለክል፣ ላፈረሰም 100,000 ዶላር ቅጣት የሚቆርጥ ነበር። አንድ ጠባቂ በዚያ ደመወዝ ይህን ገንዘብ ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ሳይበላና ኪራይ ሳይከፍል ማለት ነው። በ2019 የግዛቱ ፍርድ ቤት ውሉ ምክንያታዊ ስላልሆነ አይጸናም ብሎ ወሰነ። ድርጅቱ ግን ሌሎቹን ሠራተኞች ማስፈረሙን ቀጠለ። ያስቆመው የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ሲሆን ያም የሆነው በጥር 2023 ነው። ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው ወረቀት ለአሠሪው ጥቅም መስጠቱን ያላቋረጠው፣ የሚፈርመው ጠባቂ የፍርዱን ወሬ ስለማይሰማና ጠበቃም ስለሌለው ነው።

ጥናቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ። ኢቫን ስታር፣ ጄጄ ፕሬስኮትና ኖርማን ቢሻራ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ከ11,000 በላይ አሜሪካውያን ሠራተኞችን ጠይቀው ነበር። 18 በመቶው በጊዜው በእንዲህ ያለ ውል የታሰሩ ነበሩ፤ 38 በመቶው ደግሞ በሥራ ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ፈርመዋል። ስለ ውሉ የተደራደሩት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት ውሉ የቀረበላቸው ሥራውን እሺ ካሉ በኋላ ነው፤ የቀድሞውን ሥራ ለቀው፣ ምናልባትም ቤት ቀይረው ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመው የካሊፎርኒያ ነገር ነው። በዚያ ግዛት እንዲህ ያለው ውል ከ1872 ጀምሮ ዋጋ የለውም፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2008 በአርተር አንደርሰን ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። ሆኖም የፈራሚዎቹ ድርሻ ከሌሎች ግዛቶች ብዙም የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። የማይጸና ውል የፈረሙትም ሰዎች የሥራ ግብዣ ሲመጣላቸው ወረቀቱን አስበው ይተዉታል።

ካሊፎርኒያ ራሷ ይህን ተረድታለች። ከጥር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለቻቸው ሁለት ሕጎች ውሉን ማስፈረም በራሱ ሕገወጥ ሆነ፤ አሠሪዎችም ቀድሞ ላስፈረሟቸው ሠራተኞች ውሉ ዋጋ እንደሌለው እስከ የካቲት 14 ቀን 2024 በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ታዘዙ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ውድቅ ነው ብሎ ብቻ መተው አሠሪውን አይጎዳውም፤ ቢበዛ ፍርድ ቤት ይረታል፣ እስከዚያው ግን አንድ ሺህ ሠራተኛ ፈርቶ ባለበት ይቀመጣል።

ያለመወዳደር ውል ፈጠራን ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል የሚለው ጥያቄም የሚያጠነጥነው በካሊፎርኒያ ላይ ነው። በ1957 ስምንት መሐንዲሶች አሠሪያቸውን ዊልያም ሾክሌይን ትተው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን አቋቋሙ፤ ከስምንቱ መካከል ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በ1968 ከዚያም ወጥተው ኢንቴልን መሠረቱ። በቦስተን ዙሪያ የነበሩት የማሳቹሴትስ ኩባንያዎች ያን ጊዜ ከካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ የሚያንሱ አልነበሩም፤ ግን የኋላ ኋላ ተቀደሙ። ተመራማሪዋ አናሊ ሳክሴኒያን በ1994 ልዩነቱን በሁለቱ አካባቢዎች የሥራ ባህል ስታስረዳ፣ የሕግ ምሁሩ ሮናልድ ጊልሰን በ1999 ከባህሉ ጀርባ ሕግ አለ ብሎ ተነሣ፦ ማሳቹሴትስ ውሉን ታጸናለች፣ ካሊፎርኒያ አታጸናም። በዚህ ብቻ ሁሉንም ማስረዳት ያስቸግራል፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም የመከላከያ ገንዘብም ነበረ። ይሁንና ሚሺጋን በ1985 የንግድ ሕጓን ስታሻሽል ሳታስበው ያለመወዳደር ውልን ዋጋ ያሳጣ የነበረውን የቆየ ድንጋጌ አብራ ስለሰረዘች፣ ተመራማሪዎች አንድን ግዛት ከለውጡ በፊትና በኋላ የማነጻጸር ዕድል አገኙ። የፈጠራ ባለመብቶች ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መዘዋወር 8 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ኦሪገን በ2008 ለሰዓት ተከፋዮች ስትከለክለው ደመወዛቸው በአማካይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ከፍ አለ።

የሌላው ወገን ማስረጃ መታለፍ የለበትም። ውሉ በሚጸናባቸው ግዛቶች አሠሪዎች ለሥልጠና የበለጠ እንደሚያወጡ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሐኪሞች ላይ በተደረገ ጥናትም በውሉ የታሰሩት ገቢያቸው ፈጥኖ ሲያድግ ታይቷል፤ ክሊኒኩ ታካሚ ይዘውበት እንደማይሄዱ ስላመነ ታካሚ ይመራላቸዋልና። ደግሞም ውሉን ሥራውን ከመቀበላቸው በፊት ያዩት ሠራተኞች ደመወዝ ካልፈረሙት ይሻላል፤ በኋላ የቀረበላቸው ግን ምንም አላተረፉም። ማወቅና መደራደር የቻለ ሰው ነጻነቱን ሲሸጥ ቢያንስ ዋጋ ይጠይቃል።

ዋጋ ከተነሣ ጀርመንን ማየት ነው። የጀርመን ንግድ ሕግ ክልከላው ከ2 ዓመት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ አሠሪውም ክልከላው በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ ሠራተኛው ያገኝ ከነበረው ቢያንስ ግማሹን እንዲከፍል ያስገድዳል። ካሳ ያልተጻፈበት ውል ዋጋ የለውም። ቻይናም በ2008 በሥራ ላይ በዋለው የሥራ ውል ሕጓ ክልከላውን ለከፍተኛ ኃላፊዎች፣ ለከፍተኛ ቴክኒክ ባለሙያዎችና ምስጢር ለሚያውቁ ሰዎች ወስና ወርኃዊ ካሳ አያይዛበታለች። ማሳቹሴትስ በ2018 ጊዜውን በ12 ወር ገድባ ለግማሽ ደመወዝ ቀረብ ብላ ነበር፤ ሕጉ ግን ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ሌላ ጥቅምም ይበቃል ስለሚል ቀዳዳው ሰፊ ነው። ከሁሉ የጀርመኑን የምመርጠው አሠሪው ራሱ እንዲያስብ ስለሚያደርግ ነው። በየወሩ ግማሽ ደመወዝ የሚያስከፍል ወረቀት ማንም ለሳንድዊች ሠራተኛ አይዘረጋም። የእስራኤሉ ብሔራዊ የሥራ ፍርድ ቤትም በ1999፣ አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ቼክ ፖይንት ወደሚባል ኩባንያ በመሄዱ በተነሣው ክርክር፣ ክልከላው ብቻውን እንደማይበቃ ወስኗል፦ አሠሪው የንግድ ምስጢር፣ ልዩ ሥልጠና፣ ወይም ስለ ክልከላው የተከፈለ ልዩ ጥቅም መኖሩን ማሳየት አለበት። እስራኤል የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ሠራተኛ ይህን ውሳኔ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ፣ ትልቁ ሙከራ የከሸፈው በቅርቡ ነው። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን በሊና ካን ሊቀመንበርነት በሚያዝያ 23 ቀን 2024፣ በ3 ለ2 ድምፅ፣ ያለመወዳደር ውልን በመላ አገሪቱ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ኮሚሽኑ በውሉ የታሰሩትን 30 ሚሊዮን ሠራተኞች፣ ከአምስት አንዱን ማለት ይቻላል፣ አድርጎ ገምቷቸዋል። ከሕዝብ ከመጡለት ከ26,000 በላይ አስተያየቶች ከ25,000 የሚበልጡት ክልከላውን የደገፉ ነበሩ። ደንቡ በሥራ ላይ ሊውል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በነሐሴ 20 ቀን፣ በቴክሳስ የፌዴራል ዳኛ የሆኑት አዳ ብራውን ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣን የለውም ብለው ሻሩት። አዲሱ የኮሚሽኑ አመራር በመስከረም 2025 ይግባኙን አንሥቶ፣ ከእንግዲህ ድርጅቶችን አንድ በአንድ እንደሚከታተል አስታወቀ። አንድ በአንድ መከታተል ከምንም ይሻላል። ይሁን እንጂ ለ30 ሚሊዮን ሰው በዚህ መንገድ መድረስ አይቻልም።

ስለዚህ ጉዳዩ ለግዛቶች ተመልሷል፤ ግዛቶቹም ተቃራኒ መንገድ ይዘዋል። ሚኒሶታ ከሐምሌ 2023 ወዲህ የሚፈረመውን ውል በሙሉ ከለከለች። ፍሎሪዳ በተቃራኒው በ2025 ባወጣችው ሕግ ከፍተኛ ደመወዝተኞችን እስከ 4 ዓመት ማገድ ፈቀደች።

ከሁሉም የሚያስገርመው የዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ በሃያ ደቂቃ የመኪና መንገድ ውስጥ ሦስት ሕግ አለ። ዲሲ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በዓመት ከ150,000 ዶላር በታች የሚያገኝ ሠራተኛን እንዲህ ያለ ውል ማስፈረም ከልክላለች፤ መጠኑም በየጊዜው ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ለሚያገኘውም ውሉ ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 14 ቀን በፊት በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ በ2020 የከለከለችው ከግዛቱ አማካይ ሳምንታዊ ደመወዝ በታች ለሚያገኙት ነበር፤ ከሐምሌ 2025 ወዲህ ደግሞ የደመወዛቸው መጠን ምንም ይሁን ምን የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገባቸውን ሠራተኞች ሁሉ ጨመረች። ሕጉን የሚጥስ አሠሪ ለእያንዳንዱ ጥሰት 10,000 ዶላር ይቀጣል። ሜሪላንድ ከዝቅተኛው ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ከዚያ በታች፣ ማለትም በሰዓት 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ድረስ፣ ለሚያገኙት ውሉን ዋጋ አሳጥታለች። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በሚፈረሙት ላይ ደግሞ ታካሚ በቀጥታ የሚያክሙና በዓመት እስከ 350,000 ዶላር የሚያገኙ ፈቃድ ያላቸው የጤና ባለሙያዎችን ጨመረች። ይህ ማለት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ለመዛወር የምታስብ አበሻ ነርስ፣ ውሏ ከዚያ ቀን ወዲህ የተፈረመ ከሆነ፣ ክልከላው አያስቀራትም።

የሆም ኬር ሠራተኞቻችን ነገር ለብቻው መታየት አለበት። አንዲት ሠራተኛ ለዓመታት አንዲትን አረጋዊት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣቸዋለች። ኤጀንሲው ከቤተሰቡ የሚቀበለውና ለእሷ የሚከፍለው የተራራቀ መሆኑን ስታውቅ ወደ ሌላ ኤጀንሲ ልትሄድ ትነሣለች፤ አሮጊቷም ከእሷ ጋር ልሂድ ይላሉ። ወረቀቱ የሚወጣው ይሄኔ ነው። የዚህች ሠራተኛ ዕውቀት አሮጊቷ ሾርባው ሲበዛባቸው እንደማይወዱና ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ነው፤ ይህ የማንም የንግድ ምስጢር አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ እዚህ ላይ ጥሩ ሐረግ አለው፦ በሕጉ የተጠበቀው ሠራተኛ ራሱ ሄዶ ካልጠራ በቀር፣ ደንበኛው ፈልጎት ቢመጣ እንዳያገለግለው በውል መከልከል አይቻልም። ሐረጉን ያላወቀች ሠራተኛ ግን አሮጊቷን ትሰናበታለች።

በአገር ቤት ያለው መልክ ይለያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ ያለመወዳደር ውል ከማንም ይልቅ የሚቀርበው ደግሞ ለእነሱ ነው። ለተራው ሠራተኛ ግን የመሄጃውን በር የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሌላ ወረቀት ነው፦ ያልተሰጠ ክሊራንስ፣ የዘገየ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ከሥልጠና በኋላ ይህን ያህል ዓመት አገልግል ወይም ክፈል የሚል ግዴታ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ለማስረጃው ወራት የሚመላለስ ሰው ዛሬም አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ ልምድ ያለው የባንክ ባለሙያ የሚፈለግበት ጊዜ መምጣቱ ግልጽ ሆኗል። ያን ባለሙያ በደመወዝ ከመያዝ በወረቀት መያዝ የሚመርጥ አሠሪ እንዳይበዛ፣ ሕግ አውጪው ካሁኑ ቢያስብበት መልካም ነው።

አገልግል ወይም ክፈል የሚለው ግዴታ አሜሪካም ውስጥ እየተስፋፋ ነው፤ ያለመወዳደር ውል በተከለከለበት ቦታ ሁሉ እሱ ብቅ ይላል። ነርሶችን፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችን፣ የውበት ሳሎን ሠራተኞችን ከጊዜው በፊት ከለቀቃችሁ የሥልጠናውን መልሱ የሚል ነው፤ ሥልጠናው አንዳንድ ጊዜ የሥራ ቦታውን ከማስተዋወቅ የማያልፍ ቢሆንም። እውነተኛ ወጪ ያወጣ አሠሪ፣ ሠራተኛው በየትም የሚጠቀምበትን የምስክር ወረቀት እስካስገኘለት ድረስ፣ ወጪው ከጊዜ ጋር እየቀነሰ እንዲመለስለት ቢጠይቅ አልቃወምም። ሥራ ያስለመደበትን ሳምንት በሺህ ዶላር የሚተምነው ግን ከ100 ማይሉ ክልከላ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ እዚህም ቀድማለች፦ ከጥር 2026 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሠራተኛ ሥራ ስለለቀቀ ዕዳ እንዲከፍል ማድረግ ተከልክሏል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚኖሩ ነርሶቻችንና የሆም ኬር ሠራተኞቻችን ቀጣዩ የምክር ቤት ክርክር በዚህ ላይ ቢሆን እመኛለሁ፤ የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችንም ምስክር ይዘው የሁለቱ ግዛቶች ምክር ቤቶች እስከሚገኙባቸው አናፖሊስና ሪችመንድ ድረስ ሊሄዱበት የሚገባ ጉዳይ ነው።